የሰርጉ ዲስኮች፦ ማይነስ አር፣ ፕላስ አር እና የእማዬ አሮጌ ዴክ

ጥቅምት 11 ቀን 2017

ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። 11 የዲቪዲ ዲስክ ወጣ። ሁለቱ የታላቅ እህቴ ሰርግና መልስ ናቸው፤ ጥር 1999 የተቀረጹ። አምስቱ አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ይዛው በመጣችው የዲቪዲ መቅጃ ከቪኤችኤስ ካሴት የገለበጠቻቸው ናቸው። ሦስቱ እየተደመሰሱ የሚጻፍባቸው የእኔ የድሮ ዲስኮች ናቸው። የቀረው አንዱ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ገጹ ላይ አጫጭር መስመሮች እንደ ጤፍ ተበትነውበታል።

ሥራው ሦስት ነው። ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ማውጣት። ሰርጉን ደብረ ብርሃን ላለው የእማዬ ዴክ እንዲሆን አድርጎ ከገና በፊት መቅዳት። አንድ ቅጂ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው ለራሷ ለሙሽሪት መላክ፤ የእሷ ቅጂ ቤት ስትቀይር ጠፍቷል።

ታናሽ ወንድሜ «በፍላሽ ስጣትና ተገላገል» አለኝ። የእማዬ ቴሌቪዥን የፍላሽ ቀዳዳ የለውም። ዴኩ በ1995 የተገዛ ሲሆን እማዬ የሪሞቱን ሦስት ቁልፎች በቃሏ ታውቃለች። አራተኛ ቁልፍ ለማስተማር አልደፍርም።

ያለኝ ዕቃ፦ ዲቪዲ መጻፊያ የተገጠመለት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ድራይቭ የሌለው ላፕቶፕ፣ ዛሬ በ4,200 ብር የገዛሁት በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ መጻፊያ።

ዲስኮቹን በመልካቸው ለየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍባቸው ወደ ሐምራዊ ያደላሉ፤ ውስጣቸው ያለው በሌዘር ሙቀት የሚለወጥ የኬሚካል ቀለም ነው። የሚደመሰሱት ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ በቀለሙ ፋንታ የብረት ቅይጥ አላቸው፤ ቅይጡ እንደ ሙቀቱ መጠን መልኩን ይቀያይራል። ፕላስና ማይነስ የሚባሉትን ሁለት የዲስክ ዓይነቶች ግን ዓይን አይለይም። ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው፤ ሁለቱ የሰርግ ዲስኮች ላይ ደግሞ ጽሑፉ በሙሽሮቹ ፎቶ ተሸፍኗል።

ዕድሜዬን ሙሉ «ማይነስ አር» ስል የኖርኩት ነገር መጀመሪያ መቀነስ አልነበረም፤ ሰረዝ ነበር። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያወጣው ስሙ «ዲቪዲ ሰረዝ አር» እንደማለት ነው። በኋላ ሶኒ፣ ፊሊፕስ፣ ሪኮ፣ ሚትሱቢሺ ኬሚካልና ሌሎች ተሰባስበው የራሳቸውን ዓይነት ሠሩ፤ በሰረዙ ቦታም የመደመር ምልክት አኖሩ። ፕላስ አር እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። አጠገቡ መደመር ሲቆም ምስኪኑ ሰረዝ መቀነስ ሆኖ ቀረ። ስም ማውጣት ላይ ፕላሶቹ አሸንፈዋል።

ጥቅምት 14

የሰርጉን ዲስክ ውጫዊው ድራይቭ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ቡና ወፍጮ ጮኸ። ጥፋቱ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ በ18 ዓመት ውስጥ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ዲስኩን አጉብጦታል፤ ሚዛኑንም አዛብቷል።

ስህተት አንድ፦ ወረቀቱን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ መላጥ ጀመርኩ። የጥፍር ያህል እንደተነሳ ዲስኩ ከዳር ሲንቋቋ ሰማሁና እጄን ሰበሰብኩ። ሲዲ ቢሆን መረጃው ልክ ከወረቀቱ ሥር ስለሚገኝ ከወረቀቱ ጋር ተልጦ ይመጣ ነበር። ዲቪዲ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ገጾች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መረጃው መሐል ላይ ነው። ወረቀቱን ስስብ የምልጠው መረጃውን ሳይሆን ማጣበቂያውን ነው፤ እሱ ከለቀቀ ደግሞ አየርና እርጥበት ይገባል። ያነሳሁትን መልሼ ለጠፍኩት።

ከዚያ በሊኑክስ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ማውጣት ጀመርኩ። የፕሮግራሙ ጥቅም የተነበበውንና ያልተነበበውን ቦታ በካርታ ፋይል መመዝገቡ ነው፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ በሌላ ድራይቭም መቀጠል ይቻላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ወደ 4.38 ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው ዙር 212 ሜጋባይት አልተነበበም አለ። ዲስኩን ወደ ዴስክቶፑ አሻግሬ ያንኑ ካርታ ሰጠሁት፤ ወደ 38 ሜጋባይት ወረደ። ፍጥነቱን ቀንሼ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ ጠዋት 11 ሜጋባይት ቀርቶ አገኘሁ። ከዚያ አልነቃነቅ አለ።

የቀረው ሁሉ ዲስኩ ዳር አካባቢ ነው። ዲቪዲ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚጻፍ ዳር ማለት የፊልሙ መጨረሻ ነው፤ በዚህ ዲስክ ደግሞ ኬኩ የሚቆረስበት።

ጥቅምት 20

የእህቴ ባል ቤተሰቦች ጋር ሄድኩ። ያው የሰርግ ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ አላቸው። አቦል፣ ቶናና በረካን ጠጥቼ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ተወያይቼ ነው ዲስኩን የተረከብኩት። ከኤንቨሎፕ ወጥቶ የማያውቅ፣ ወረቀት ያልተለጠፈበት።

የእኛ ማይነስ አር ነው፤ የእነሱ ፕላስ አር። ቪዲዮ ቀራጩ ያን ቀን በእጁ ባገኘው ሁሉ ቀድቷል ማለት ነው። ጥያቄዬ የአንዱን ቀዳዳ በሌላው መድፈን ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ፎርማታቸው ይለያያላ።

ይቻላል። እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። በባዶ ዲስክ ላይ ከፋብሪካው የሚወጣ ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ ሌዘሩ እሱን ተከትሎ ይጽፋል። የቦዩ ግድግዳ ሆን ተብሎ እንዲወዛወዝ ተደርጓል፤ ድራይቩ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው በዚያ ነው። ማይነስ አር የቦታ አድራሻውን የያዘው በቦዮቹ መካከል ባለው ጠርዝ ላይ ቀድመው በተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ፕላስ አር ግን አድራሻውን በራሱ በመወዛወዙ ውስጥ ቀብሮታል፤ የሚወዛወዘውም ከማይነሱ ስድስት እጥፍ በሚጠጋ ድግግሞሽ ነው። ልዩነታቸው ድራይቩ ሲጽፍ «አሁን የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ከተጻፈ በኋላ ሁለቱም ላይ ያለው መረጃ ሴክተር በሚባሉ ባለ 2048 ባይት ቁራጮች ተከፍሎ ከዜሮ ጀምሮ በተራ ይቆጠራል። ሁለቱ ዲስኮች ከአንድ ምንጭ ፋይል ከተቀዱ ሴክተር 2,000,000 በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

መገመት ብቻውን ስለማይበቃኝ ሁለቱም ጋ በደህና ከተነበቡት ሴክተሮች 5,000 ያህሉን አነጻጸርኩ። አንድም ልዩነት የለም። ከዚያ ለዲዲሬስኪው የእኛን ካርታና የእነሱን ዲስክ ሰጠሁት። 11 ሜጋባይቱ በሁለት ደቂቃ ገባ። ኬኩ ተቆረሰ።

የመልሱ ዲስክ ምንም ችግር አልነበረበትም፤ በአንድ ዙር ወጣ።

ኅዳር 3

የአክስቴ አምስት ዲስኮች። ሦስቱ ማይነስ አር፣ ሁለቱ ማይነስ አርደብልዩ፣ ማለትም እየተደመሰሰ የሚጻፍበት ዓይነት። ኮምፒውተሩ ሦስቱን «ባዶ» ይላቸዋል። ገጻቸውን ወደ መብራት ሳዞር ግን የተጻፈበት ቀለበት በግልጽ ይታያል፤ የተጻፈው ክፍል ከባዶው የተለየ ጥላ አለው። ዓይኔንና ኮምፒውተሩን አፋጠጥኳቸው፤ ዓይኔ ትክክል ነበር።

ዲስኮቹ አልተዘጉም። የቤት መቅጃ ፊልሙን እየጻፈ ይሄዳል፤ ማውጫውን ግን መጨረሻ ላይ ዲስኩ ሲዘጋ ነው የሚጽፈው፤ ፋይናላይዝ የሚሉት ይህንን ነው። ሳይዘጋ የቀረ ዲስክ ምዕራፎች ያሉት ግን ማውጫ የሌለው መጽሐፍ ነው፤ የቀዳው ማሽን ብቻ ያነበዋል። ማሽኑ ደግሞ የኃይል ክፍሉ ከተቃጠለ ዓመታት አልፈውታል። አክስቴ ደውዬ ብጠይቃት «መዝጋት ምንድን ነው? ሽፋኑን ዘግቼዋለሁ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ማሽኑ ላይ ቁልፉ ከአራት ምናሌ ሥር ነው የተደበቀው።

አይሶበስተር በሚባል ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ማውጫ ሳይፈልግ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ይቃኛል። ላልተዘጋ ዲስክ የሚያስፈልገው ክፍል በፈቃድ የሚሠራ ስለሆነ ፈቃዱን እህቴ በካርዷ ገዛችልኝ። ውጫዊው ድራይቭ ያልተዘጋውን ዲስክ ጭራሽ አላነብም አለ፤ አሮጌው የዴስክቶፕ ድራይቭ አነበበ። ከሦስቱ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ወጡ። ሦስተኛው 40 ደቂቃ ሰጥቶ ቆመ።

ሁለቱ አርደብልዩዎች ሌላ ታሪክ አላቸው። እነሱ የተቀዱት በተለመደው የዲቪዲ ቪዲዮ አሠራር ሳይሆን ቪአር በሚባለው ነው፤ መቅጃው ላይ መቁረጥና መሰረዝ የሚያስችል፣ አብዛኛው ተራ ዴክ ግን የማያውቀው። ኮምፒውተሩ ላይ በቪአርኦ ቅጥያ አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ይታያል። ውስጡ ተራ የኤምፔግ 2 ቪዲዮ ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ፕሮግራም ሳይበላሽ አወጣሁት። የወንድሜ ክርስትናና የአያቴ ተዝካር ናቸው።

እዚህ ላይ ልጽፈው የሚገባ አንድ ድንጋጤ አለ። ሁለተኛውን አርደብልዩ ስከት አንድ ፕሮግራም «ዲስኩን ላዘጋጀው?» የሚል መስኮት ከፈተልኝ፤ እጄ «እሺ» ወደሚለው እየሄደ ነበር። ለሚደመሰስ ዲስክ ማዘጋጀት ማለት መደምሰስ ነው። ከዚያ በኋላ አውቶማቲክ መክፈቻውን አጠፋሁ።

ኅዳር 9

ጤፍ የተበተነበት ዲስክ ዲቪዲ ራም ነው። መስመሮቹ ጭረት አይደሉም፤ ከፋብሪካ የተቀረጹ የሴክተር መለያዎች ናቸው። እንደ ሃርድ ዲስክ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን 100,000 ጊዜ ያህል ይጻፍበታል ይባላል፤ ለአርደብልዩዎቹ የሚነገረው 1,000 ያህል ነው። አንዳንዱ በፕላስቲክ ካርትሪጅ ተከትቶ ይሸጥ ነበር። ከሁሉም ዓይነት በአሠራሩ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል፤ ግን የሚያነበው ዴክ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም። ዴስክቶፑ አነበበው። ውስጡ የአክስቴ የጅዳ የቤት ዕቃ ዝርዝር በቪዲዮ አለ፤ ፍሪጁን ከአራት አቅጣጫ ቀርጻዋለች።

ኅዳር 12

መርካቶ ባዶ ዲስክ ፍለጋ። ድሮ በየሱቁ ግንብ የሚያህል የዲስክ ክምር ነበር፤ አሁን አራት ሱቅ ዞሬ በአምስተኛው አገኘሁ። 25 ፕላስ አር በ1,150 ብር፣ 25 ማይነስ አር በ1,050 ብር። ባለሱቁ «ሁለቱም ያው ነው» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን እስማማ ነበር።

ቤት ገብቼ የሠሪውን ኮድ አነበብኩ። ጥቅሉ ላይ የሚታተመው ስም የሻጩ ነው፤ ዲስኩን ማን እንደሠራው የሚናገረው ቦዩ ውስጥ የተቀረጸው ኮድ ነው፤ በሊኑክስ አንድ ትዕዛዝ፣ በዊንዶውስ ደግሞ ኢምግበርን የሚባል ፕሮግራም ያሳየዋል። ፕላሱ ኤምሲሲ 004 አለ፤ የሚትሱቢሺ ኬሚካል ባለ 16 ፍጥነት ዲስክ ኮድ ነው። ማይነሱ ሰምቼው የማላውቀውን ኮድ አወጣ። ኮድም የሚሰርቁ ፋብሪካዎች ስላሉ ፕላሱንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም፤ ግን ካለኝ የተሻለው እሱ ነው። ስመ ጥሩዎቹ ፋብሪካዎች እየቀነሱ ነው፤ ታይዮ ዩደን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከዲስክ ሥራ ወጥቷል።

ማታ የአክስቴን ቪዲዮዎች በአንድ ዲስክ አጠቃልዬ አዘጋጀሁ። እስከ አፉ ሞላሁት። ፕላስ አር ላይ ልቀዳ ስል ፕሮግራሙ «አይበቃም» አለ። እንዴት? ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት አይደሉም? ቆጠርኩ፦ ማይነስ አር 2,298,496 ሴክተር ይይዛል፤ ፕላስ አር 2,295,104። የእኔ ፋይል 2,296,900 ነው። አንዱ ላይ ይገባል፤ ሌላው ላይ አይገባም። የሁለቱ ልዩነት 7 ሜጋባይት አይሞላም፤ እኔን ያሸነፈኝ ግን ከ4 ሜጋባይት ያነሰ፣ ወደ ስድስት ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ነው። ከፍሪጁ አንዱን አቅጣጫ ቆረጥኩ። በቃ።

ኅዳር 17

የመጀመሪያው ቅጂ። የሰርጉን ዲስክ ማይነስ አር ላይ በ16 ፍጥነት፤ ጥቅሉ 16 ይላልና። በስድስት ደቂቃ አለቀ። ከዚያ የተጻፈውን ከምንጩ ጋር አነጻጽር አልኩት፤ ከ3.9 ጊጋባይት በኋላ መንተባተብ ጀመረ። ሌላ ዲስክ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ውጤት። ሁለት ዲስክ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆነ።

በ8 ስሞክር ሠራ። ወደ 1 ላውርደው ወይ ብዬም ነበር፤ በአንድ ፍጥነት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ነው፤ ሙሉ ዲስክ 57 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ግን ለ16 የተሠራ ቀለም በጣም በዝግታ ሲጻፍበት የግድ አይሻልም፤ ድራይቩም ለዚያ ፍጥነት የተዘጋጀ ስሌት ላይኖረው ይችላል። 8 ላይ ቆምኩ።

ለሙከራ ሦስት ዲስክ አዘጋጀሁ፦ ሀ ማይነስ አር በ8፣ ለ ፕላስ አር በ8፣ ሐ ከካርቶኑ ያገኘሁት ፕላስ አርደብልዩ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ዴኩ ላይ እሞክራቸዋለሁ።

ኅዳር 24፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ አጥንት ይገባል። እማዬ ጎረቤት ጠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ፤ «ለሙከራ ነው የምመጣው» ብዬ ነበር፤ ሙከራ የሚለውን ቃል አልሰማችውም።

ሐን አስገባሁ። «ኖ ዲስክ»። ለን አስገባሁ። «ኖ ዲስክ»። ሀ ገባ፤ ሰርጉ ጀመረ፤ ጎረቤቶቹ እልል አሉ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ላይ ምስሉ ተሰነጣጥሮ ቆመ። የቀረው አምስት ደቂቃ ነበር።

እማዬ፦ «ይህን ሁሉ መንገድ ዲስክ የለም ለማለት ነው የመጣኸው?»

ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ሀ ከቆመበት ትንሽ ገፋ ብሎ እንደገና ቆመ። ለ እና ሐ ያው «ኖ ዲስክ»። ብርዱን ወቀስኩ፤ ብርዱ ምንም አላደረገም።

ኅዳር 28

ሦስቱ ዲስኮች የወደቁበት ምክንያት የተለያየ ነው። እስካሁን «ፎርማቱ አይስማማውም» እያልኩ በአንድ ከረጢት የምከታቸው ነገሮች ሦስት ሆነው ተገኙ።

ሐ፦ የማንጸባረቅ ጉዳይ ነው። ከፋብሪካ የታተመ ባለአንድ ንብርብር ዲስክና አንዴ የሚጻፍበት ዲስክ ከሌዘሩ ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶ ይመልሳሉ። የሚደመሰሰው የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ያረጀ ሌዘር ያለው ዴክ ይህን እንደ ባዶ ይቆጥረዋል። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ለእማዬ አርደብልዩ አይሆንም።

ሀ፦ የዲስክ ጥራት ነው። የማይነሱ ጥቅል ዳሩ ደካማ ነው፤ በ16 የታየው በ8 ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የእኔ ድራይቭ ታግሎ ያነበዋል፤ የ22 ዓመት ዴክ ግን አይታገልም። ይህን በማይነስ አር ስም መመዝገብ ግፍ ይሆናል።

ለ፦ ይህ ነው የሚገርመው። ዲስኩ ደህና ነው፤ ዴኩ ነው የማያምነው። በእያንዳንዱ ዲስክ መግቢያ ላይ ዓይነቱን የሚናገር አጭር መለያ አለ፤ ቡክ ታይፕ ይሉታል። ዴኩ ሲሠራ ፕላስ አር ገና መውጣቱ ነበር፤ የማያውቀውን መለያ ሲያነብ ቀጥሎ ያለውን ለማየት እንኳ አልሞከረም። በር ላይ መታወቂያ አይቶ እንደሚመልስ ዘበኛ ነው።

ደስ የሚለው ግን ፕላስ አር ላይ ይህን መለያ በሚጻፍበት ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ «እኔ ከፋብሪካ የወጣሁ ዲቪዲ ሮም ነኝ» ብሎ እንዲያስተዋውቅ ማድረግ። ማይነስ አር ላይ አይቻልም፤ መለያው አስቀድሞ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ግን የድሮ ዴኮች ስለሚያውቁት አያስፈልገውም። ሰዎች «ለድሮ ዴክ ማይነስ አር» የሚሉት ለዚህ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ።

መለያውን መቀየር የሚችለው ድራይቩ ነው፤ ፕሮግራሙ ትዕዛዝ ያስተላልፋል እንጂ። አዲሱ የ4,200 ብር ድራይቭ አይችልም። ከመወርወር ያተረፍኩት የዴስክቶፑ አሮጌ ድራይቭ ይችላል።

ታኅሣሥ 2

መለያውን ወደ ሮም አዞርኩ፤ ፕላስ አር፣ በ8 ፍጥነት፤ 60 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ድራይቮች መረጃ ሲዘገይባቸው ቆም ብለው የሚቀጥሉበት ዘዴ አላቸው፤ መብራት ሲሄድ ግን ዘዴውም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ባትሪው ያድነኝ ነበር፤ መለያ የሚቀይረው ግን ዴስክቶፑ ነው። ከጎረቤት ዩፒኤስ ተዋስኩ፤ ያለ መብራት ሰባት ደቂቃ ያቆየዋል፤ ባለ 8 ፍጥነት ቅጂ ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንግዲህ ጸሎትም ይጨመርበታል።

ሌላም ነገር አደረግሁ። ሰርጉን በምዕራፉ ላይ ቆርጬ የመጨረሻውን ክፍል ወደ መልሱ ዲስክ አዛወርኩ፤ ቪዲዮው እንደገና ስላልተቀነባበረ ጥራቱ አልተነካም። የመጀመሪያው ዲስክ ወደ 3.9 ጊጋባይት ወረደ። የዴኩ ሌንስ ዲስኩ ዳር ድረስ እንዳይሄድ ነው።

ባለሁለት ንብርብሩንም ሞክሬዋለሁ፤ 8.5 ጊጋባይት ስለሚይዝ ሰርጉና መልሱ በአንድ ዲስክ ይገቡ ነበር። ሁለት በ380 ብር ገዛሁ። አንዱ ከመጀመሪያው ንብርብር ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ተበላሸ። የሚያንጸባርቀውም ልክ እንደ አርደብልዩው ትንሽ ነው። ሁለተኛውን ከፌስታሉ አላወጣሁትም።

ታኅሣሥ 13፣ ደብረ ብርሃን

ጎረቤት እንዳይጠራ አስጠንቅቄ ሄድኩ። ፕላስ አር ከተለወጠ መለያ ጋር፦ አራት ሰከንድ አሰበና ከፈተ። እስከ መጨረሻው ሄደ። ሁለተኛው ዲስክም ሄደ። ለማነጻጸር ያመጣሁት መለያው ያልተቀየረው፣ ከዚያው ጥቅል የወጣው ዲስክ አሁንም «ኖ ዲስክ» ነው።

እማዬ ኬኩ ጋ ሲደርስ አስቆመችኝና ከኋላ የቆሙትን አጎቴን አሳየችኝ። ከዚያ ሪሞቱን ተቀብላ እንደገና ከመጀመሪያው።

ታኅሣሥ 20

የሲልቨር ስፕሪንጉ ቅጂ። ዲስክ በየትኛው አገር ዴክ እንደሚሠራ የሚወስነውን፣ ክልል የሚባለውን ነገር እህቴ ፈርታ ነበር፤ አሜሪካ 1 ነው፣ ኢትዮጵያ 5። ቤት የተቀዳ ዲስክ ክልል ስለሌለው ሁሉም ጋ ይገባል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የእኛ ቪዲዮ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ዴኮች የእነሱ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ካልሆነ አያሳዩም፤ 720 በ480፣ በሰከንድ 29.97። እዚህ ላይ ፕላስም ማይነስም አያድንም፤ ቪዲዮውን ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል።

ስህተት፦ የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የምስሉን የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር መስመሮች ቅደም ተከተል ገለበጥኩ። እስክስታው ላይ ትከሻ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እስክስታ ስለሆነ መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ መኪናው ሲያልፍ ነው የነቃሁት። አስተካክዬ ደገምኩት። የእሷ ዴክ አዲስ ስለሆነ መለያው ግድ አይሰጠውም፤ ግን ለማንኛውም ሮም አልኩት።

ጥር 2

ለገና ሁለቱም ዲስክ ሁለት ሁለት ጊዜ ታየ።

ወጪ፦ ድራይቭ 4,200፣ ፕላስ አር 1,150፣ ማይነስ አር 1,050፣ ባለሁለት ንብርብር 380፣ በዲስክ ላይ የሚጻፍበት ማርከር 120፣ አሥር የዲስክ ማስቀመጫ 350፣ ለሁለቱ የሙከራ ጉዞ የአውቶቡስ 1,000። ድምር 8,250 ብር። የገናውን ጉዞ አልቆጠርኩም፤ ያለ ዲስክም እሄድ ነበር። የአይሶበስተር ፈቃድ በእህቴ ነው። የተበላሸ ዲስክ ሰባት፦ ሁለት በፍጥነት፣ አንድ በመብራት፣ ሁለት በሙከራ፣ አንድ ባለሁለት ንብርብር፣ አንድ በእስክስታ።

ወረቀት የሚለጠፍበት ዲስክ የለም፤ ስሙ በማርከር፣ መሐል ባለው ግልጽ ቀለበት ላይ ተጽፏል። ዋናው ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ እኔ ጋ አንዱ ወንድሜ ጋ ነው። ለፀሐይ የተጋለጠ ቀለም ስለሚደበዝዝ እማዬ ዲስኮቹን ከመስኮቱ ሥር አንስታ መሳቢያ ውስጥ እንድታስቀምጥ ነግሬያታለሁ፤ ለጊዜው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያሉት።

የቀረ ሥራ፦ 40 ደቂቃ ሰጥቶ የቆመው የአክስቴ ሦስተኛ ዲስክ። ተመሳሳይ ሞዴል መቅጃ የሚሸጥ ሰው እያጠያየቅሁ ነው። የእህቴ ቅጂ በሚቀጥለው ሳምንት በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል፤ ከበርበሬው በተለየ ቦርሳ።